ኮምፒዩተር አድራሻውን ከየት ያገኛል?



ኮምፒዩተሩ «መስመር የለም» ሲል ብዙዎቻችን ወደ ጠጋኝ እንሮጣለን። ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ግን አንድ ነገር ማየት እንችላለን፤ ይኸውም የኮምፒዩተሩን አድራሻ ነው። በዊንዶውስ ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለውን ጥቁር መስኮት ከፍታችሁ «አይፒኮንፊግ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፤ ቁጥሩ ይወጣል።

ቀበሌ ለየቤቱ ቁጥር እንደሚሰጥ ሁሉ፣ በኔትዎርክ ላይ ያለ ኮምፒዩተርም ሆነ ስልክ የራሱ ቁጥር ያስፈልገዋል። ቀድሞ ቁጥሩን በየማሽኑ ላይ በእጅ መጻፍ የተለመደ ነበር። በ1993 እ.ኤ.አ. ዲ.ኤች.ሲ.ፒ. የተባለው ደንብ ወጣና ሥራው ቀለለ። ኮምፒዩተሩ ሲበራ «አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» ብሎ ለሁሉም ይጣራል። አዳዩ፣ ብዙ ጊዜ ራውተሩ፣ «ይህን ውሰድ» ይለዋል። ኮምፒዩተሩ «እሱኑ ስጠኝ» ሲል አዳዩ ያጸድቅለታል። አድራሻው ግን በጊዜ የተወሰነ ውሰት ስለሆነ መታደስ አለበት።

መልስ የሚሰጥ ከጠፋ ብዙ ኮምፒዩተሮች በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ለራሳቸው ይይዛሉ። ይህን ካያችሁ ገመዱን፣ ስዊቹንና ራውተሩን ተመልከቱ። ቁጥሩ ለምሳሌ በ192.168 ከጀመረና ከጎን ካለው ኮምፒዩተር ጋር ከተገናኘ ግን የውስጡ ደኅና ነው፤ ጉድለቱ ከውጭ ሊሆን ይችላል። በፌብሩዋሪ 2024 እ.ኤ.አ.፣ በጦርነቱ መካከል፣ የሱዳን የስልክና የኢንተርኔት መስመር በአብዛኛው ሲቋረጥ ካርቱም ውስጥ ስልኩን ለጠጋኝ ያሳየ ሰው ምንም አያተርፍም ነበር።

ስዊች ገመዶቹ የሚገናኙበት ሣጥን ነው። ከፍ ያለው ዓይነት ሲታመም ይናገራል። ገመድ ሲነቀል ወይም መብራት ጠፍቶ ሲመጣ «ትራፕ» የሚባል አጭር ማስጠንቀቂያ ለተቆጣጣሪው ኮምፒዩተር ይልካል። የሚልከው አስቀድሞ ወደተጻፈለት አድራሻ ነው፤ ካልተጻፈለት ዝም ይላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ተቆጣጣሪው ኮምፒዩተር በውሰት አድራሻ የሚኖር ከሆነና አንድ ቀን ሌላ ቁጥር ቢሰጠው፣ ማስጠንቀቂያው ወደ አሮጌው ቤት ይሄዳል። ቤት የቀየረ ስደተኛ ለዘመዶቹ ካልነገረ ደብዳቤው መንገድ እንደሚቀርበት ማለት ነው። ትራፕ ደግሞ የመቀበያ ፊርማ ስለማይጠይቅ ስዊቹ መልእክቱ መቅረቱን አያውቅም። እንግዲህ ለተማሪው ኮምፒዩተር ውሰት ይበቃል፤ ለተቆጣጣሪውና ለስዊቹ ግን ቋሚ አድራሻ በእጅ ይጻፍላቸው፣ ወይም ራውተሩ ላይ ቁጥራቸው ለእነርሱ ብቻ ይያዝላቸው። ከዚያም ትምህርት ካበቃ በኋላ አንድ ገመድ (የተቆጣጣሪውን አይደለም!) ነቅሎ ማስጠንቀቂያው መድረሱን ማየት ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።