ገድልም ክስም ያልሆነ የሕይወት ታሪክ

በአማርኛ የሚጻፍ የሕይወት ታሪክ ብዙ ጊዜ ወይ ወደ ገድል ወይ ወደ ክስ ያደላል። የሚጻፍለት ሰው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መብት ተሟጋች ሲሆን ክሱ ያይላል። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ይከለክላል፤ የሃይማኖት ተቋማትም አጥብቀው ያወግዙታል። ይሁንና የአንድን ሰው ሕይወት በትክክል መመዝገብ ዓላማውን መደገፍ አይደለም፣ ማውገዝም አይደለም።

ለዚህ ቅርብ ምሳሌ አለ። በኅዳር 2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ 16ኛውን የአፍሪካ የኤድስና የአባላዘር በሽታዎች ጉባኤ አስተናግዳ ነበር። ካሜሩናዊው ጆኤል ናና የሚመራው አምሼር የተባለ አህጉራዊ ድርጅት በዋናው ጉባኤ ዋዜማ ከወንድ ጋር ግንኙነት ስላላቸው ወንዶችና ስለ ኤችአይቪ ስብሰባ ጠራ። የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክ፣ የፕሮቴስታንትና የእስልምና መሪዎች የተቃውሞ መግለጫ ሊሰጡ ጋዜጠኞችን ሰበሰቡ። የወቅቱ የጤና ጥበቃ ሚኒስትር ዶክተር ቴዎድሮስ አድኃኖም መሪዎቹን ካነጋገሩ በኋላ መግለጫው ቀረ። ናና እ.ኤ.አ. በ2015 አረፈ።

ይህን ክስተት በናና ታሪክ ውስጥ ለሚያስገባ ጸሐፊ ፈተናው እዚህ ላይ ነው። «አባቶችን ተዳፈረ» ብሎ ቢጽፍ ፈርዷል፤ «ያለ ፍርሃት ተጋፈጠ» ቢልም እንዲሁ። ስብሰባውን ማን እንደ ጠራው፣ እነማን እንደ ተቃወሙትና መግለጫው እንደ ቀረ ከነቀኑ ቢያሰፍር ግን ደጋፊም ተቃዋሚም ሊክደው የማይችል ዓረፍተ ነገር ያገኛል። ሚኒስትሩና መሪዎቹ በር ዘግተው የተነጋገሩትን ከግምት መሙላት አይፈቀድለትም። ተቃዋሚዎቹም ስማቸው በክብር መጠራት፣ ምክንያታቸውም ራሳቸው ባቀረቡት መልክ መጻፍ አለበት። ሚዛናዊነት ለባለታሪኩ ብቻ የሚደረግ ውለታ አይደለምና።

ምንጮች ሲጋጩ ሥራው ይከብዳል። የኡጋንዳው ዴቪድ ካቶ መምህርና የመብት ተሟጋች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 «ሮሊንግ ስቶን» የተባለ የካምፓላ ጋዜጣ (ከአሜሪካው መጽሔት ጋር ግንኙነት የለውም) የእሱንና የሌሎችን ስምና ፎቶግራፍ ሰዎቹ እንዲሰቀሉ ከሚጠይቅ ርዕስ ጋር አወጣ። ካቶና ሁለት ባልደረቦቹ ጋዜጣውን ከሰው ፍርድ ቤት ረቱ። ብዙም ሳይቆይ፣ ጥር 26 ቀን 2011 እ.ኤ.አ.፣ ቤቱ ውስጥ ተገደለ። ፖሊስ ግድያው ከተሟጋችነቱ ጋር እንደማይያያዝ ተናገረ፤ ባልደረቦቹ ጋዜጣው የቀሰቀሰው ጥላቻ ውጤት ነው አሉ፤ በዚያው ዓመት ፍርድ ቤት አንድ ሰው ላይ የ30 ዓመት እስራት ፈረደ። ጥሩ ጸሐፊ ሦስቱንም ለየባለቤታቸው ሰጥቶ ያስቀምጣል። የፖሊስን ቃል እንደ እውነት፣ የወዳጆቹን ቃል እንደ ሐሜት አድርጎ ማቅረብ፣ ወይም የተገላቢጦሽ፣ አንባቢን ማታለል ነው።

በሕይወት ስላለ ሰው ሲጻፍ ጥንቃቄው እጥፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2005 ማንነቱን የደበቀ አንድ ሰው አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጆን ሲገንታለር በኬኔዲ ግድያ ተጠርጥሮ እንደነበር በዊኪፔዲያ ላይ በሐሰት ጽፎ፣ ውሸቱ ለአራት ወራት ያህል ሳይታረም ቆየ። ከዚያ ወዲህ ዊኪፔዲያ በሕይወት ስላሉ ሰዎች የሚጻፍ፣ አከራካሪና ምንጭ የሌለው ነገር ወዲያው እንዲወጣ የሚያዝዝ ጥብቅ ደንብ አበጀ።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ከስም መጉደፍም ያልፋል፤ እስር፣ ከሥራ መባረር፣ ከቤተሰብ መነጠል ሊያስከትል ይችላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን መብት አድርጎ ደንግጓል። ስለዚህ ጸሐፊ ሆይ፣ ባለታሪኩ ራሱ በአደባባይ ያልተናገረውን ስለ ፆታዊ ሕይወቱ አትጻፍ፤ አብሮት ፎቶግራፍ የተነሣውን ጓደኛውን፣ የሰፈር ልጁን፣ እኅቱን በስም አትጥራ።