ከጉሮሮ እስከ ልብ በር

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ በዘነበወርቅ አካባቢ፣ ለሥጋ ደዌ ሕክምና የተቋቋመው አለርት ሆስፒታልና በቅጥሩ ውስጥ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደሉም። ተቋሙ ስሙን የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ግን ከቅጥሩ ውጭ፣ በየሰፈሩ ጠባብ ቤቶች ስለሚጀምር ሌላ ጣጣ ነው።

ልባችን አራት በሮች አሉት፤ ደም ወደ ፊት ብቻ እንዲሄድ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የልጆችን ጉሮሮ ሲያጠቃ፣ በአንዳንዶቹ ላይ የሰውነት መከላከያ ባክቴሪያውን ከራሱ የልብ በር ጋር ያምታታዋል። በሩም ይቆስላል፤ ውሎ አድሮ ይጠባል ወይም ያፈሳል። ይህ የሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል በሚያድርበት ቤት ባክቴሪያው ከልጅ ወደ ልጅ በቀላሉ ይተላለፋል። እንጥል ማስቆረጥም፣ ብዙዎች እንደሚያምኑት፣ መፍትሔ አይሆንም።

እስካሁን በሩን የጎዳው የሰውነት የራሱ መከላከያ ነው። የተጎዳ በር ግን ሻካራ ነውና፣ ከታመመ ድድ ወይም ከቆዳ ቁስል ወደ ደም የገባ ባክቴሪያ ተጣብቆበት ይራባል። ኢንዶካርዳይተስ የሚባለው እውነተኛው የልብ በር ኢንፌክሽን ይህ ነው። ከፔኒሲሊን በፊት የያዘው ሰው አይተርፍም ነበር ማለት ይቻላል። ባክቴሪያው የሸመቀበት እብጠት የደም ሥር ስለሌለው ነጭ የደም ሴሎች በቀላሉ አይደርሱበትም፤ ስለዚህ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያስፈልጋል።

እኛን የሚያሳስበን ግን ትኩሳት የያዘው ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ የሚውጠው አንቲባዮቲክ ነው። ጥቂት ክኒኖች ሕመሙን ሳያድኑ የደም ካልቸሩን ባዶ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ሐኪሙም የትኛውን ባክቴሪያ እንደሚያክም ሳያውቅ ይቀራል።

የሩማቲክ ሕመም እንዳይባባስ የሚረዳው መድኃኒት ርካሽ ነው፤ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን። በዩጋንዳ ምልክት ባልታየባቸው 818 ልጆችና ወጣቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የባሰባቸው መርፌውን ከወሰዱት 0.8፣ ካልወሰዱት ደግሞ 8.2 በመቶ ነበሩ። ባለሙያዎች በመርፌው ምክንያት ሞት ይመጣል ብለው መስጋታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳሳሰበው፣ አደጋው የሚያሰጋው በተለይ ልባቸው ክፉኛ የተዳከመውን ነው፤ ለእነርሱ ክኒን ይመረጣል።

በሩ ጨርሶ ከተበላሸ የሚቀረው ቀዶ ሕክምና ነው። ዶ/ር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመሩት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ጥረት፣ በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ውስጥ የልብ ማእከል እስከ መክፈት ደርሷል። ሰው ሠራሽ በር የተገጠመለት ሰውም ጥርሱን ከማስነቀሉ በፊት ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ አዲሱን በር ባክቴሪያ ከጤናማ በር ይልቅ በቀላሉ ያጠቃዋልና።