ገንዘብ የማይገባበት የካርታ ውድድር፦ ወቅቱን ሙሉ በነጥብ

በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ጉዳይ ተራ ጨዋታ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን የቤታችሁን ሰላምም ኪሳችሁንም ይነካልና እስከ መጨረሻው ተከታተሉን።

ሰው አዲስ አገር ሲገባ ቀኑ በኡልፓን፣ በሥራ ፍለጋና በየቢሮው በመመላለስ ያልቃል። ከባዱ ማታው ነው። በአገር ቤት ጎረቤት ሳይጠራ ይመጣ ነበር፤ ቡናው እስኪፈላ ጨዋታው ይደራል። በአሽዶድ ሮቫ ዩድ ቤት ፎቅ ላይ የሚኖር ቤተሰብ ግን በሩን ዘግቶ ከተቀመጠ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ጎረቤት ስም ሳያውቅ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። በዚህ መካከል ልጆች ከወታደር ቤት ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ተምረው ይመጣሉ፤ ጓደኞቻቸውንም ቤት መሰብሰብ ይጀምራሉ። ወላጅ ካርታ ሲያይ «ቁማር ቤቴ ገባ» ብሎ ይደነግጣል። ድንጋጤው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ልጆቹን ብታባርሯቸው ሌላ ቦታ ሄደው፣ ምናልባትም በገንዘብ ይጫወታሉ። አይቶ እንዳላዩ ማለፍም አይበጅም። ሦስተኛው መንገድ ጨዋታውን በቤታችሁ፣ በሕግና በሥርዓት፣ ያለ ገንዘብ ማካሄድ ነው።

በመጀመሪያ የአገሩ ሕግ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የእስራኤል የወንጀል ሕግ «የተከለከለ ጨዋታ» የሚለው፣ ውጤቱ ከችሎታ ይልቅ በዕድል የሚወሰን ሆኖ፣ ሰው ገንዘብ፣ የገንዘብ ዋጋ ያለው ዕቃ ወይም ሌላ ጥቅም ሊያገኝበት የሚችለውን ጨዋታ ነው። በአንቀጽ 225 መሠረት እንዲህ ያለውን ጨዋታ የሚያደራጅ ሰው እስከ 3 ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል። አንቀጽ 230 ደግሞ አዘጋጁን ነፃ የሚያደርጉ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ይጠይቃል፦ ጨዋታው ለተወሰኑ፣ ለሚተዋወቁ ሰዎች ብቻ መሆኑን፣ ከመዝናኛነት አለማለፉን፣ ቦታውም ቁማር ቤት አለመሆኑን። «ታዲያ ሚፍዓል ሃፓይስ ሎተሪ ይሸጥ የለም ወይ? ቶቶስ በኳስ ያወራርድ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እነርሱ ግን የሚሠሩት በመንግሥት ፈቃድ ነው። ስለዚህ በቤታችሁ የሚደረገው ጨዋታ ገንዘብ ጨርሶ ባይገባበት ከጥያቄ ሁሉ ትድናላችሁ።

ይሁን እንጂ ፖከር ያለ ገንዘብ ቶሎ ይሰለቻል። የሚያጣው ነገር የሌለው ተጫዋች ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወረውራል፤ ጨዋታውም ይፈርሳል። ብዙ ሰዎች «እስቲ 20 ሼቄል ብቻ እናዋጣ» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። 20 ሼቄል በአሥር ማታ 200 ሼቄል ይሆናል። ከዚያም የተበላ ሰው ለማስመለስ ሲል መያዣውን ያሳድጋል፤ ብድር ይገባል፤ ነገሩ ቤት ውስጥ ጠብ ይሆናል። የወቅት ነጥብ ይህንን ችግር ያስወግዳል። ማታው በነጥብ ይመዘገባል፤ ነጥቡም ለሚቀጥለው ማታ ይተላለፋል። ዛሬ በግዴለሽነት የተጫወተ ሰው ከሁለት ወር በኋላ ዋጋውን ይከፍላል። የተሸነፈም ሰው የጠፋበት ከአሥር ማታዎች አንዱ ብቻ ስለሆነ ተረጋግቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንሂድ። ስምንት ሰው ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ለአንድ ሳሎን ይጠብባል። ቤቱን እንደ ማኅበር በተራ አድርጉት። ሰንበትን እንዳይነካ ሐሙስ ማታ ይመቻል። በ20:00፣ ማለትም በለመድነው አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምራችሁ፣ ከ23:00 በፊት ጨርሱ፤ ሕንፃው የጋራ ነው፣ ጎረቤትም ይተኛል። መስተንግዶው ቡናና ቆሎ ብቻ ይሁን ብላችሁ አስቀድማችሁ ወስኑ። አንዱ ዳቦ ሲያቀርብ ሌላው ዶሮ ወጥ ካቀረበ፣ አቅም ያነሰው ሰው ተራው ሲደርስ ሰበብ ፈልጎ ይቀራልና።

በጣም የታወቀው ቴክሳስ ሆልደም የሚባለው የፖከር ዓይነት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ተሸፍኖ ይታደላል፤ አምስት ካርታ ደግሞ ደረጃ በደረጃ በመካከል ይገለጣል። ከሰባቱ የተሻሉትን አምስቱን ያገናኘ፣ ወይም ሌሎቹን አስፈራርቶ ያስወጣ ያሸንፋል። ለጠጠር የሚሆን ነገር ከጓዳችሁ አይጠፋም። ሽምብራ 25፣ ባቄላ 100፣ የልብስ ቁልፍ 500 ይሁን። ለእያንዳንዱ ሰው 8 ሽምብራ፣ 8 ባቄላና 1 ቁልፍ ስጡ፤ ድምሩ 1,500 ነው። ጠጠሩ ያለቀበት ሰው ለዚያ ማታ ይወጣል።

ጨዋታው በጊዜ እንዲያልቅ የሚያደርገው የግዴታ መያዣው ነው። በእያንዳንዱ ዙር ካርታ ከሚያድለው ሰው በስተግራ ያሉት ሁለት ሰዎች ካርታቸውን ሳያዩ ጠጠር ያስቀምጣሉ። በ25 እና በ50 ጀምሩ፤ በየ20 ደቂቃው ወደ 50 እና 100፣ 75 እና 150፣ 100 እና 200፣ 150 እና 300፣ 200 እና 400፣ 300 እና 600፣ 400 እና 800 አሳድጉት። ስምንት ሰው ያለው ጠጠር በድምሩ 12,000 ነው። ትልቁ መያዣ 600 ሲደርስ በጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ የመያዣው ሃያ እጥፍ ብቻ ስለሚሆን፣ ጨዋታው በዚያ አካባቢ ያልቃል። አቦል ከመጀመሩ በፊት ይጠጣ፤ ከሦስተኛው ደረጃ በኋላ አሥር ደቂቃ ለቶና፣ ከስድስተኛው በኋላም አሥር ደቂቃ ለበረካ ዕረፍት ስጡ። እንዲህ ከሆነ በ22:40 ገደማ ትጨርሳላችሁ።

ነጥብ አሰጣጡ ልጅም አዛውንትም ሊደምረው የሚችል ይሁን። ለመጣ ሰው ሁሉ 1 ነጥብ፤ ከእርሱ በፊት ለወጣው ለእያንዳንዱ ሰው 1 ነጥብ፤ ለአንደኛ 3፣ ለሁለተኛ 1 ተጨማሪ። በስምንት ሰው ጨዋታ አንደኛው 11፣ ሁለተኛው 8፣ ሦስተኛው 6 ያገኛል፤ መጨረሻ የሆነውም 1 ይዞ ይሄዳል። አምስት ሰው ብቻ በመጣበት ማታ ግን አንደኛው የሚያገኘው 8 ነው። ይህም ትክክል ነው፤ አራት ሰው ማሸነፍና ሰባት ሰው ማሸነፍ እኩል አይደለምና።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ የሚቀር ሰው ነው። አንዱ የፈረቃ ሥራ አለበት፤ አንዱ ለሚሉዊም ይጠራል፤ አንዱ ለቅሶ ይደርሳል። ስለዚህ ከአሥሩ ማታዎች የተሻሉት ሰባቱ ብቻ ይቆጠሩ። ለምሳሌ አንድ ሰው አሥሩንም ማታ መጥቶ 11፣ 3፣ 6፣ 1፣ 5፣ 8፣ 4፣ 2፣ 6፣ 3 አገኘ እንበል፤ ድምሩ 49 ነው። ሌላው ሰባት ማታ ብቻ መጥቶ 11፣ 8፣ 8፣ 6፣ 5፣ 5፣ 2 አገኘ፤ ድምሩ 45 ነው። ሁሉም ቢቆጠር የመጀመሪያው ይበልጣል። የተሻሉት ሰባቱ ሲቆጠሩ ግን የመጀመሪያው 43 ይሆንና ሁለተኛው ያሸንፋል።

«ይህማ ግፍ ነው!» የሚል ይኖራል። በዓለም የታወቀ ውድድርም ይኸው ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1988 በፎርሙላ ዋን የመኪና እሽቅድምድም ፈረንሳዊው አላን ፕሮስት በድምሩ 105 ነጥብ ሲያገኝ፣ ብራዚላዊው አይርተን ሴና ያገኘው 94 ነበር። በሕጉ ከ16ቱ ውድድሮች የሚቆጠሩት የተሻሉት 11 ብቻ ስለነበሩ፣ ሴና በ90፣ ፕሮስት በ87 ተያዘላቸውና የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሴና ነው። ሕጉ ከውድድሩ በፊት ይታወቅ ስለነበር ውጤቱ ጸና። እናንተም የመጀመሪያው ካርታ ከመታደሉ በፊት ሕጉን ሁሉ በአንድ ደብተር ጻፉ፤ በአማርኛም በዕብራይስጥም ይሁን። ሁለት ሰዎች እኩል ነጥብ ቢያመጡ ብዙ ማታ አንደኛ የሆነው ይብለጥ ብላችሁም ጨምሩበት። በወቅቱ መካከል ሕግ አይለወጥም። ደብተሩን የሚይዘው ሰው በየማታው ነጥቡን ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሁሉም ይስማ።

ቀድሞ የወጣ ሰው ምን ያድርግ? ሁለት ሰዓት ተክዞ ከተቀመጠ በሚቀጥለው ሐሙስ አይመጣም። ካርታ የማደሉን ሥራ ስጡት፤ በጎን ደግሞ ገበጣ ወይም ዳማ ይዘጋጅ። ለአሸናፊውም በገንዘብ የሚተመን ሽልማት አትስጡ። ስሙ በደብተሩ ላይ ይጻፍለት፤ ለሚቀጥለው ወቅት የመክፈቻውን ቤት የመምረጥ ክብር ይሰጠው።

ስለ ታዳጊ ልጆች አንድ ቃል እንጨምር። ፖከርን በቤታችሁ ያየ ልጅ ነገ በስልኩ ላይ በገንዘብ የሚያጫውት ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ አትደብቁት፤ እዚህ ቤት ገንዘብ የማይገባው ለምን እንደሆነ በግልጽ ንገሩት። ልባችሁ ፖከርን ካልወደደው ደግሞ አትጨነቁ፤ ይኸው የነጥብ አቆጣጠር ለገበጣም፣ ለዳማም፣ ለምታውቁት ሌላ የካርታ ጨዋታም ይሠራል።

በመጨረሻም ከስምንቱ ወንበር አንዱን ለፊት ለፊት ጎረቤታችሁ አስቀሩ፤ ከሞሮኮ ይምጣ፣ ከሩሲያ ይምጣ። ለካርታ ብዙ ዕብራይስጥ አያስፈልግም። አሥር ሐሙስ አብሯችሁ ቡና የጠጣ ሰው ግን፣ በአሥራ አንደኛው ሳምንት በመንግሥት የተላከላችሁን ደብዳቤ ይዛችሁ በሩን ብታንኳኩ ይከፍትላችኋል። የውድድሩ ትልቁ ነጥብ ይህ ነው።

መልካም ጨዋታ።