ባዶ ቤት የምታሳዩ ደላሎች፦ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ሰው ይወቅ

ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት የሚፈልግ ሰው ቴሌግራም ላይ ቁጥር ያያል፣ ይደውላል። «ሁለት ክፍል፣ ውኃ ያለው፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ጠጋ ያለ» ይላል። ደላላዋ «አለኝ፣ ስንት ሰዓት ትመጣለህ?» ትለዋለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች፣ ማንም የማይኖርበት ግቢ ውስጥ ብቻቸውን ይቆማሉ።

ይሄ በየቀኑ የሚሆን ነገር ስለሆነ አደጋ አይመስለንም። አብዛኛውን ጊዜም ምንም አይፈጠርም። ግን እስኪ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። በዚያች ሰዓት ደላላዋ የት እንዳለች፣ ከማን ጋር እንደሆነችና ስንት ሰዓት መመለስ እንዳለባት የሚያውቅ ሰው አለ? ብዙ ጊዜ መልሱ «የለም» ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ይህን «የለም» ወደ «አለ» ስለመቀየር ነው።

ደላላ ስንል ሥራዬ ብሎ የያዘውን ብቻ አይደለም። ተመርቆ ሥራ እስኪያገኝ በስልኩ ቤት የሚያገናኘውን ልጅም፣ የውጭ አገር ዘመዷን ቤት ቁልፍ ይዛ ለተከራይ የምታሳየውንም ይጨምራል። ሴትም ሆነ ወንድ።

▪ ዓለም ይህን የተማረው በከባድ ዋጋ ነው

እ.ኤ.አ. ጁላይ 28 ቀን 1986 (በእኛ ሐምሌ 21 ቀን 1978 ዓ.ም.) ለንደን ውስጥ ሱዚ ላምፕሉ የምትባል የ25 ዓመት የቤት ሽያጭ ሠራተኛ በምሳ ሰዓት ቤት ለማሳየት ከቢሮዋ ወጣች። አጀንዳዋ ላይ ሰዓቱን፣ የቤቱን አድራሻና «ሚስተር ኪፐር» የሚል ስም ጽፋ ነበር። አልተመለሰችም። ማታ ላይ መኪናዋ ሌላ መንገድ ላይ ቆሞ ተገኘ። እሷ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘችም። በ1993 በሕግ እንደሞተች ተቆጠረ። በግድያዋ ተከስሶ የተፈረደበት ሰው የለም። «ሚስተር ኪፐር» ማን እንደነበረም በእርግጠኝነት አልታወቀም።

ልብ በሉ፣ ሱዚ ስምም አድራሻም ጽፋ ነበር። የጎደለው ነገር ስሙ የእውነት መሆኑን ማረጋገጥ ነበር። ወላጆቿ በዚያው ዓመት በስሟ ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ ብቻቸውን የሚሠሩ ሰዎች እንዴት ራሳቸውን እንደሚጠብቁ እስከ አሁን ያስተምራል።

ሁለተኛው ታሪክ የአሜሪካ ነው። በሴፕቴምበር 2014 አርካንሶ ግዛት ውስጥ ቤቨርሊ ካርተር የተባለች የቤት ሻጭ ባዶ ቤት ለማሳየት ሄዳ ታገተች፣ ከዚያም ተገደለች። የደወሉላት ሰዎች ቤት ገዢ ባልና ሚስት መስለው ነበር። ማታ ላይ ባሏ ወደ ቤቱ ሲሄድ መኪናዋ ቆሟል፣ እሷ የለችም። በኋላ ከስልኳ «ከጓደኞቼ ጋር ነኝ» ዓይነት መልእክት ደረሰው። እሱ ግን የሚስቱን ጠባይ ስለሚያውቅ አላመነም። የጻፉት አጋቾቹ ነበሩ። ገዳዩ ሲያዝ ለምን እሷን እንደመረጠ ጋዜጠኞች ጠየቁት፤ ብቻዋን የምትሠራ ሴት ስለነበረች ነው አለ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ አጥቂ የሚፈልገው ብቻውን ያለ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ «ደህና ነኝ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

▪ እኛ ጋ ሲመጣስ?

እኛ ጋ ነገሩን የሚያከብዱ የራሳችን ምክንያቶች አሉ።

ኮሚሽን፦ ቤቱ ካልተያዘ ደላላው ምንም አያገኝም። ደንበኛው «አሁኑኑ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ነው የሚመቸኝ» ሲል እምቢ ማለት እንጀራን መግፋት ይመስላል። ሌላ ደላላ እንዳይቀድም ይሮጣል።

ይሉኝታ፦ «መታወቂያህን አሳየኝ» ማለት ሰውን ሌባ ማለት ይመስለናል። ሰውየው በዕድሜ ከፍ ያለ ወይ ጥሩ የለበሰ ከሆነማ ጭራሽ አንደፍርም።

ቤቶቹ፦ ብዙዎቹ በቆርቆሮ የታጠሩ ናቸው፣ መግቢያውም መውጫውም አንድ በር ነው። አዲስ በሚሠሩት ሰፈሮች ደግሞ ጎረቤቱም ጅምር ቤት ነው፣ መብራትም ላይኖር ይችላል። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ውስጥ ሆኖ የሚጮህ ሰው ድምፁ አጥር አይሻገርም።

ኔትወርክ፦ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለዚህ «ሎኬሽን እልካለሁ» ብቻ ብሎ መተማመን አይቻልም። በዚህ ላይ የእገታ ወሬ በየቤቱ አለ። ሰው ዘገየ ሲባል ቤተሰብ የሚያስበው ሌላ ነው።

▪ ከመሄዳችሁ በፊት

1. መጀመሪያ ሰው ያለበት ቦታ ተገናኙ። ካፌ፣ ሱቅ በር፣ አደባባይ ይሁን። ቀጥታ ባዶው ቤት በር ላይ አትቀጣጠሩ። እውነተኛ ቤት ፈላጊ አሥር ደቂቃ ቢቀመጥ አይከፋውም።

2. መታወቂያ ጠይቁ፣ ፎቶ አንሱ። ፋይዳም ይሁን የቀበሌ። እንዲህ በሉ፦ «ለሁሉም ደንበኛ የምናደርገው ነው፣ አከራዩም ይጠይቁኛል።» ነገሩን የእናንተ ጥርጣሬ ሳይሆን የሥራው ደንብ አድርጉት፤ ይሉኝታው ግማሹ ይቀላል። ደግሞ ውሸት አይደለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሚሠራበት ከተማ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። ያለ መታወቂያ ውል ስለሌለ ዞሮ ዞሮ መጠየቁ አይቀርም። እናንተ ቀድማችሁ ጠየቃችሁ፣ በቃ።

3. የመታወቂያውን ፎቶ ወዲያው ለሌላ ሰው ላኩ። ስልካችሁ ላይ ብቻ ከቀረ ስልኩ ሲወሰድ አብሮ ይሄዳል። ኢንተርኔት ከሌለ ስሙንና ቁጥሩን በኤስኤምኤስ ላኩ ወይ ደውላችሁ ንገሩ።

4. በቀን ብርሃን ብቻ አሳዩ። «ሲመሽ ነው የሚመቸኝ» ለሚል ደንበኛ ቅዳሜና እሑድ አለለት። የቀረው ክፍል በቪዲዮ ይታያል።

5. ፖስታችሁን ተመልከቱ። «ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፣ ቤቱ ባዶ ነው፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው» ብሎ ከአድራሻ ጋር መለጠፍ ለተከራይ ብቻ የሚደርስ መልእክት አይደለም። ሰፈሩን ጻፉ፣ ትክክለኛውን ቤት ለታወቀ ደንበኛ አሳዩ።

6. ጥሬ ብር ይዛችሁ አትግቡ። ቀብድ በቴሌብር ወይ በባንክ ይሁን፤ ለእናንተም ለደንበኛውም ማስረጃ ይሆናል።

▪ ግቢው ውስጥ

የውጭውን በር ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፣ ድንጋይም ቢሆን አስደግፉት። ተንጠልጣይ ቁልፍ ከሆነ ጓንጉሉን በሩ ላይ አትተዉት፣ ኪሳችሁ ክተቱት። በር ላይ የቀረ ጓንጉል እናንተን ውስጥ ለመቆለፍ ያገለግላል።

ከመግባታችሁ በፊት ቅርብ ያለውን ባለሱቅ ወይ ጎረቤት ሰላም በሉ። «እትዬ፣ ደንበኛ ይዤ ገብቻለሁ፣ ሃያ ደቂቃ ነው» በሉ፤ ደንበኛውም ይስማ። ክፉ ያሰበ ሰው መታየቱን ካወቀ ሐሳቡን የሚቀይርበት ዕድል ሰፊ ነው።

ሁልጊዜ ደንበኛው ይቅደም። እናንተ ከበሩ ጋ ሁኑና «መኝታ ቤቱ በስተግራ ነው፣ እየው» በሉ። ጓዳና ከኋላ ያለው ሰርቪስ ቤት ተከትሎ መግባት አያስፈልግም። ቤቱን ለመከራየት ማየት ያለበት እሱ ነው።

ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ይሁን፣ ቻርጁ ሞልቶ። ብዙ አዳዲስ ስልኮች የኃይል ቁልፉን አምስት ጊዜ ስትጫኑ ወደ ድንገተኛ ጥሪ ይሄዳሉ። የእናንተ ስልክ ይህን ይሠራ እንደሆነ ዛሬ ቤት ቁጭ ብላችሁ ሴቲንግ ውስጥ እዩ፤ ለማን እንደሚደውልም አስተካክሉ። በችግር ሰዓት የሚፈለግ ነገር አይደለም። የቅርቡን ፖሊስ ጣቢያ ቀጥታ ስልክም ጠይቃችሁ መዝግቡ።

▪ ምን ስታዩ ልትጠነቀቁ ይገባል?

ዋጋ ሳይጠይቅ «ብቻሽን ነው የምትሠሪው?» የሚል፣ ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ ጎረቤትና ስለ ዘበኛ የሚጠይቅ፣ መታወቂያ ሲባል የሚቆጣ፣ መጨረሻ ላይ ቦታና ሰዓት የሚቀይር፣ «በእኔ መኪና እንሂድ» ብሎ ሙጭጭ የሚል። አንዱ ብቻውን ወንጀል ማለት አይደለም። ሁለት ሦስቱ ሲደራረቡ ግን ቀጠሮውን ሰርዙ።

ውስጥ ገብታችሁ ልባችሁ ካልወደደው ምክንያት አትደርድሩ፣ ውጡ። ማንም የማይጠራጠረው ሰበብ እኛ ጋ አለ፦ «ቆይ፣ እዚህ ኔትወርክ የለም፣ አከራዩ እየደወሉልኝ ነው» ብላችሁ ወደ መንገድ ውጡ። ከወጣችሁ በኋላ መመለስ ግዴታ አይደለም። ሰውየው ንጹሕ ከሆነ ቢበዛ አንድ ኮሚሽን ይቀርባችኋል።

▪ ኢንተርኔት ሲኖርና ሲጠፋ

ኢንተርኔት ካለ ቴሌግራምም ዋትስአፕም ላይ እንቅስቃሴያችሁን ለ15 ደቂቃ፣ ለ1 ሰዓት ወይም ለ8 ሰዓት በቀጥታ ማጋራት ትችላላችሁ። ለአንድ የምታምኑት ሰው ለ1 ሰዓት ክፈቱለት።

ኢንተርኔት ከሌለ በሚስኮል ተግባቡ። አንድ ሚስኮል «ደረስኩ፣ ገባሁ»፣ ሁለት ሚስኮል «ጨረስኩ፣ ወጣሁ»። ካርድ አይበላም። ዋናው ነገር ሁለተኛው ሚስኮል በተባለው ሰዓት ካልመጣ ምን እንደሚደረግ ቀድሞ መስማማት ነው። ለምሳሌ አሥር ደቂቃ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይደውላል፣ ካልተነሳ ለጎረቤቱ ወይ ለባለሱቁ ይደውላል፣ ከዚያ ሰው ይዞ ይሄዳል፣ ለፖሊስም ያሳውቃል። ይህ ስምምነት ከሌለ የሚጠብቀው ሰው «ቤት እያሳየች ይሆናል» እያለ ሁለት ሰዓት ያልፋል።

የምስጢር ዓረፍተ ነገርም ይኑራችሁ። ስትደውሉ «ጤፉን አስፈጨሽው?» ካላችሁ «ችግር ላይ ነኝ፣ ሰው ላኪ» ማለት ይሁን። አጠገባችሁ ያለው ሰው ቢሰማም ምንም አይገባውም። በጽሑፍ ብቻ «ደህና ነኝ» ከመጣ ደግሞ የሚጠብቀው ሰው ይደውልና ድምፅ ይስማ። የቤቨርሊን ባል የጠረጠረው ጽሑፉ ነበር።

▪ ይህ የደላላው ብቻ ሥራ አይደለም

አከራዮች፦ ቁልፍ ሰጥታችሁ ብቻ አትቀመጡ። ግቢው ላይ መብራት ይኑር፣ ጎረቤት እንዲያውቅ ንገሩ፣ ከተቻለ ቤተሰብ ይገኝ። «በማታ አሳዪልኝ» አትበሉ።

ደላሎች፦ ለማታውቁት ደንበኛ ሁለት ሆናችሁ ሂዱና ኮሚሽኑን ተካፈሉ። ነገ እሷ ስታሳይ እናንተ ትሄዳላችሁ፣ ዕቁብ እንደማለት ነው። መታወቂያ አላሳይም ብሎ የሄደውን ደንበኛ ቁጥርም ተነጋገሩ፤ ከአንዱ ተባሮ ወደ ሌላው ነው የሚሄደው።

ቤት ፈላጊዎች፣ በተለይ መስከረምና ጥቅምት ላይ ለትምህርት የምትመጡ ሴት ተማሪዎች፦ ነገሩ ለእናንተም ይሠራል። ደላላውን አታውቁትም፣ ቤቱን አታውቁትም፣ ከተማውም አዲስ ነው። ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ፣ የደላላውን መታወቂያ ጠይቁ፣ ቤት ሳታዩ ቀብድ አትላኩ። ትክክለኛ ደላላ መታወቂያውን ለማሳየት አያንገራግርም።

▪ ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ

ይህን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፣ ቤት ከማሳየታችሁ በፊት ሞልታችሁ በኤስኤምኤስ ላኩት፦

«ቤት ላሳይ ነው።
የደንበኛው ስምና ስልክ፦
ቤቱ ያለበት (ሰፈር፣ ምልክት)፦
ቅርብ ያለው ባለሱቅ ወይ ጎረቤት ስልክ፦
የገባሁበት ሰዓት፦
የምወጣበት ሰዓት፦
ካልደወልኩ ደውልልኝ፣ ካላነሳሁ ሰው ይዘህ ና።»

ለመሙላት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ደብረ ማርቆስም፣ ደጀንም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ ሞጣም ቤት እያሳየ የሚያድር ሰው የምታውቁ ከሆነ ላኩለት። ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩ፦ «ስትገባ ለእኔ ሚስኮል አድርግ፣ ስትወጣ እጠብቃለሁ» በሉት። የሚጠብቅ ሰው ከሌለ መልእክቱ ብቻውን ምንም አይሠራም።