የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔና የነጋዴው ውል

የንግድ ሥራ በሙሉ በውል ላይ የቆመ ነው። አስመጪው ከውጭ አገር ፋብሪካ ጋር፣ ቡና ላኪው ከአቅራቢው ጋር፣ ባለሱቁ ከቤት አከራዩ ጋር፣ ሁሉም ከባንክና ከአጓጓዥ ጋር የሚተሳሰሩት በውል ነው። በሬ በቀንዱ ሰው በቃሉ ይታሰራል መባሉም ለዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ነጋዴውን የሚያስረው እርሱ ራሱ የሰጠው ቃል ብቻ አይደለም። በማያውቃቸው ሁለት ሰዎች ክርክር የተሰጠ አንድ ፍርድ ወደ እርሱ ውል ገብቶ፣ የጻፈውን ሊያጸናለት ወይም ሊያፈርስበት ይችላል። ይህን አስቀድሞ የተረዳ ነጋዴ ፊርማውን በጥንቃቄ ያኖራል፤ ያልተረዳው ግን ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚያውቀው ገንዘቡ ከእጁ ከወጣ በኋላ ነው።

የሕጉ መሠረት

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሎአል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ቁጥር 1243 በብዙ ክፍሉ ሲተካ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የውል ክፍል ግን እስከ ዛሬ የነጋዴው መተዳደሪያ ሆኖ ይገኛል። ሕጉ በቁጥር 1731 በሚገባ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚቆጠር፣ በቁጥር 1733 ደግሞ የውሉ ቃል ግልጽ በሆነ ጊዜ ዳኞች ከቃሉ ርቀው የተዋዋዮቹን አሳብ በትርጉም ሊፈልጉ እንደማይችሉ ይደነግጋል።

ነገር ግን የሕግ ቃል ምንም ያህል የጠራ ቢሆን፣ የሰው ጉዳይ ብዙ ዐይነት ስለ ሆነ መተርጐሙ አይቀርም። አንዱ ፍርድ ቤት አንዱን ቁጥር በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ የተረጐመው እንደ ሆነ ግን ነጋዴው የትኛውን አምኖ እንደሚዋዋል ይቸግረዋል። ይህን ለማስቀረት በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ያላነሱ ዳኞች ተሰይመውበት የሚሰጠውን የሕግ ትርጉም፣ በማናቸውም ደረጃ የሚገኝ የፌዴራልም ሆነ የክልል ፍርድ ቤት እንዲከተለው አስገደደ። ይኸው ደንብ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ጸንቶአል። ሰበር ሰሚ ችሎት ምስክርና ማስረጃ እንደገና የሚመዝን አይደለም፤ የሚመረምረው በመጨረሻው ፍርድ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት መኖር አለመኖሩን ነው። ስለዚህም የሚናገረው ለሁለቱ ባለጉዳዮች ብቻ ሳይሆን ያንኑ ዐይነት ውል ለሚጽፍ ሁሉ ነው።

ፊርማ ብቻ ያልበቃበት ውል

ለዚህ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ምሳሌ ችሎቱ በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 የሰጠው ውሳኔ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723፣ በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የባለቤትነት መብትን የሚያቋቁም ወይም የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ፣ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዛል። የክርክሩ ጭብጥ፣ ይህ ትእዛዝ ሦስተኛ ወገኖችን ለመጠበቅ ብቻ የተጻፈ ነው ወይስ ሻጭና ገዢን ራሳቸውን የሚመለከት ነው? የሚል ነበር። ችሎቱም በእነዚህ ባለሥልጣኖች ፊት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል በሻጭና በገዢ መካከል እንኳ የጸና ውል ሊባል አይችልም ሲል ወሰነ።

የዚህ ውሳኔ ፍሬ ወዲያው በገበያው ታየ። በአገር ልማድ ሽማግሌና ምስክር ተቀምጦ፣ ገንዘብ ተቈጥሮ፣ ቁልፍ ተረክቦ የተፈጸመ ሽያጭ እንደ ተፈጸመ ይቈጠር ነበር። ከውሳኔው በኋላ ግን ሱቅ ወይም መጋዘን በዚህ ዐይነት የገዛ ነጋዴ፣ የቦታው ዋጋ በጨመረ ጊዜ ሻጩ ውሉ በሕግ ፊት ያልቆመ ነው ብሎ ቢነሣበት አደጋ ላይ ይወድቃል። የከፈለው ገንዘብ ቢመለስለትም፣ ከዓመታት በኋላ በዚያው ገንዘብ ያንኑ ሱቅ ሊገዛ አይችልም፤ ደንበኞቹም ከቦታው ጋር ይቀራሉ። ውሳኔውን የሚደግፉት ሕጉ ማጭበርበርንና አንድን ቤት ለሁለት ሰው መሸጥን ይከለክላል ይላሉ፤ የሚነቅፉት ደግሞ ቃሉን ላጠፈ ሻጭ በር ይከፍታል ይላሉ። የክርክሩ መልስ ምንም ቢሆን፣ ውል ለማዋዋል ወደ ተፈቀደለት መሥሪያ ቤት ለመሄድ የሚጠፋው አንድ ቀን፣ በኋላ በችሎት ከሚጠፉት ዓመታት ጋር የሚመዛዘን አይደለም።

የግልግል ዳኝነት አንቀጽ

ሁለተኛው ምሳሌ በብዙ የንግድ ውሎች መጨረሻ ላይ የሚገኘውን አንቀጽ ይመለከታል። ነጋዴዎች የፍርድ ቤት ጉዳይ እንዳይረዝምባቸው፣ ክርክር ቢነሣ በግልግል ዳኛ እንዲታይና ውሳኔውም የመጨረሻ እንዲሆን ይዋዋላሉ። በ2003 ዓ.ም. ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 42239 በሰጠው ውሳኔ፣ ተዋዋዮች ይግባኝ ላለመጠየቅ ቢስማሙም፣ በግልግል ዳኞች ውሳኔ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለ እንደ ሆነ ለማረም ችሎቱ ሥልጣን እንዳለው አስታወቀ። ስለዚህ «ውሳኔው የመጨረሻ ይሆናል» የሚለው የታወቀ ሐረግ ብቻውን የሰበርን በር እንደማይዘጋ ታወቀ። ጉዳያችን በቶሎ ያልቃል ብለው በዚህ ሐረግ የተማመኑ ነጋዴዎች፣ ከግልግሉ በኋላ ሌላ ክርክር ሊጠብቃቸው ቻለ።

ከዚያ በኋላ ሕግ አውጪው ነገሩን ራሱ ደነገገው። የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013፣ ተዋዋዮች በተለየ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር በግልግል ውሳኔ ላይ ይግባኝ እንዳይቀርብ፣ የሰበር አቤቱታ ግን መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ሲኖር እንዲቀርብ ፈቀደ። የሰበሩንም መንገድ ተዋዋዮች በስምምነት ሊያስቀሩት ይችላሉ። እዚህ ላይ ነጋዴው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ውሉ ዝም ባለ ጊዜ ይግባኙ የተዘጋ፣ ሰበሩ ግን የተከፈተ መሆኑ ነው። እንግዲህ አንዱን ወይም ሌላውን የሚፈልግ ሁሉ በዝምታ ሳይሆን በግልጽ ቃል መጻፍ ይገባዋል።

ዋጋ በተለወጠ ጊዜ

ሦስተኛው ጉዳይ በተለይ አስመጪዎችን የሚነካ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ለምሳሌ አንድ አስመጪ በ10,000 ዶላር የሚገዛውን ዕቃ በ650,000 ብር ለማስረከብ አስቀድሞ ተዋውሎ ነበር ቢባል፣ በ57 ብር ሒሳብ ዕቃው 570,000 ብር ስለሚያስወጣው ትርፍ ያገኝ ነበር፤ በ100 ብር ሒሳብ ግን 1,000,000 ብር ያስወጣዋል፤ ኪሣራውም 350,000 ብር ይሆናል።

እንዲህ ያለው ነጋዴ በመጀመሪያ የሚያስበው ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል ገጥሞኛል ብሎ መከራከርን ነው። ነገር ግን ቁጥር 1792 የሚጠይቀው፣ ሊታሰብ የማይችል ሆኖ ውሉን ለመፈጸም ፍጹም የሚከለክልን ነገር ነው። ሥራው ከበደ ወይም ኪሣራ አመጣ ማለት ሌላ፣ ሊፈጸም አልቻለም ማለት ሌላ ነው። ቁጥር 1794 ደግሞ በውሉ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ ለሥራው የሚያስፈልጉ ጥሬ ዕቃዎች ዋጋ መውጣት ወይም መውረድ፣ እንዲሁም ግዴታውን የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣት ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል እንደማይባል ይናገራል። ዳኛውም ለርትዕ ሲል ብቻ ውሉን እንዳይለውጥ ቁጥር 1763 ይከለክለዋል።

ስለዚህ ከፍርድ ቤት ርኅራኄን ከመጠበቅ ይልቅ ጥንቃቄውን በውሉ ውስጥ ማስገባት ይሻላል። «በውሉ በተለይ ካልተገለጸ በቀር» የሚለው የሕጉ ቃል ለነጋዴው የተተወ በር ነው። የምንዛሪው ዋጋ ከተወሰነ መጠን በላይ የተለወጠ እንደ ሆነ ዋጋው በምን ሒሳብ እንደሚስተካከል፣ ወይም ማን ውሉን ለመተው እንደሚችል አስቀድሞ የጻፈ ሰው ዳኛው ራሱ ያንን ያስከብርለታል።

ማስጠንቀቂያና መቀጫ

በመጨረሻም በብዙ ክርክር ሁለት ነገሮች ይዘነጋሉ። አንደኛው ማስጠንቀቂያ ነው። በቁጥር 1772 መሠረት፣ ሕጉ ካስቀራቸው ጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ውሉ አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ ባለዕዳው ግዴታውን እንዲፈጽም ማስጠንቀቅ አለበት። በስልክ መወቃቀስ በኋላ ለማስረዳት ያስቸግራል፤ ቀን ያለበትና መድረሱ የተፈረመበት ደብዳቤ ግን ይናገራል። ሁለተኛው መቀጫ ነው። በቁጥር 1892 መሠረት በውል የተወሰነ መቀጫ፣ ባለገንዘቡ ጉዳት የደረሰበት መሆኑን ባያስረዳም እንኳ ይከፈላል፤ ዳኞች ሊቀንሱት የሚችሉትም በቁጥር 1893 እንደ ተጻፈው ውሉ በከፊል በተፈጸመ ጊዜ ነው። ስለዚህ መቀጫን ለማስፈራሪያ ያህል ብቻ ነው ብሎ የሚፈርም ሰው ራሱን ያታልላል።

የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች በየጊዜው በቅጽ እየታተሙ ይወጣሉ። ሆኖም በብዙ የንግድ ቤቶች ከብዙ ዓመት በፊት የተጻፈ የውል ናሙና፣ ስሙና ቀኑ ብቻ እየተለወጠ ሲገለበጥ ይኖራል። ያ ናሙና ከተጻፈ ወዲህ ስለ ቤት ሽያጭ ፍርድ ተሰጥቶአል፤ የግልግል ሕግ ተለውጦአል፤ የብርም ዋጋ ተለውጦአል። የዕቃ ቈጠራ በየዓመቱ የሚያደርግ ነጋዴ፣ በዚያው ሰሞን የውሎቹን ናሙና ከጠበቃው ጋር አንድ ጊዜ ቢመረምር፣ ወጪው ጥቂት፣ የሚያድነው ግን ብዙ ይሆናል።