ተረትና እውነታ፦ «ረጅም ጊዜ ከቆየ ሲምፕል ፓስት አይሆንም»?

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ስለ እንግሊዝኛ ኃላፊ ጊዜ ግን ከተማሪ ወደ ተማሪ የሚወራረስ እምነት አለ፦ «ፎር» ካለ ፕረዘንት ፐርፌክት፣ ድርጊቱ ከተራዘመ ፓስት ኮንቲኒዩስ፣ ዘመኑ ከራቀ ደግሞ ፓስት ፐርፌክት ይባላል። የሦስቱም ስህተት ምንጩ አንድ ነው፤ የጊዜ ርዝመት ወይም ርቀት ቴንስ ይመርጣል ብሎ ማሰብ። ቴንስ የሚመረጠው ግን በቅድሚያ ቆይታው አብቅቷል ወይስ አላበቃም በሚለው ነው።

ደርግ 17 ዓመት ገዝቶ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ። ጊዜው ቢረዝምም ስላለቀ ትክክለኛው «ዘ ደርግ ሩልድ ኢትዮጵያ ፎር ሰቨንቲን ይርስ» ነው። «ሃዝ ሩልድ» ያለ ሰው ደርግን ዛሬም ሥልጣን ላይ አስቀምጦታል። የሥራ ማመልከቻ ላይም እንዲሁ ነው። ቡታጅራ አራት ዓመት ሠርቶ የለቀቀ ሰው «አይ ወርክድ ኢን ቡታጅራ ፎር ፎር ይርስ» ይበል፤ «አይ ሃቭ ወርክድ» ካለ ቀጣሪው ገና እዚያው ያለ ሊመስለው ይችላል። አማርኛውም ይህን ልዩነት ያውቀዋል፤ «ቡታጅራ አራት ዓመት ሠራሁ» እና «ቡታጅራ ሥራ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ» አንድ አይደሉም።

«ታዲያ አስተማሪዎቻችን ፎርና ሲንስ የፕረዘንት ፐርፌክት ምልክት ናቸው ያሉን በከንቱ ነው?» የሚል ይኖራል። ለ«ሲንስ» ምክሩ ባብዛኛው ይሠራል፤ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በፈረንጅ 2012 ማስተማር ጀምሮ እስካሁን ስለቀጠለ «ሃዝ ቶት ሲንስ 2012» ይባላል። «ፎር» ግን የሚናገረው መጠንን ብቻ ስለሆነ ካለቀውም ካላለቀውም ጋር ይሄዳል። ሌላው ደግሞ «ኢት ዎዝ ሬይኒንግ ኦል ናይት» ይባል የለም ወይ ብሎ ይሞግታል። ይባላል፤ «ኢት ሬይንድ ኦል ናይት»ም ይባላል። ሌሊቱ ያው ሌሊት፣ ዝናቡም ያው ዝናብ ሆኖ ሁለቱም ትክክል ከሆኑ ርዝመቱ አልወሰነም ማለት ነው። የመጀመሪያው ዝናቡን በመውረድ ላይ እያለ ያሳያል፣ ሁለተኛው ከጅምር እስከ ፍጻሜ ጠቅልሎ ይነግራል። ቆይታን ለክቶ ለመዝጋት የሚቀናው ሁለተኛው ነው።

ፓስት ፐርፌክትን «የሩቅ ኃላፊ» ማድረግ ከአማርኛ ሰዋስው የተወሰደ ልማድ ይመስላል። የዓድዋ ድል በ1888 ዓ.ም. የተገኘ ቢሆንም በእንግሊዝኛ ሲተረክ ሲምፕል ፓስት ይበቃዋል። በአንጻሩ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ 11 ዓመት አስተምሮ ነበር፤ ነገሩ ቅርብ ቢሆንም እዚህ ጋ «ሃድ» ያስፈልጋል፣ ማስተማሩ ከሌላ ያለፈ ድርጊት ቀድሞ የተጀመረ ነውና። ስለዚህ ዓረፍተ ነገር ስትጽፉ ዓመቱን ከመቁጠራችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ነገሩ አልቋል ወይስ ቀጥሏል? ካለፈ ሌላ ድርጊት ጋር እየተነጻጸረ ነው? ካለቀና ንጽጽር ከሌለው፣ አንድ ቀንም ይቆይ አንድ ምዕተ ዓመት፣ ሲምፕል ፓስት በቂ ነው።