ራብዶማዮሳርኮማ

ራብዶማዮሳርኮማ በተለይ ሕፃናትንና ታዳጊዎችን የሚይዝ የለስላሳ ቲሹ ካንሰር ነው። ለስላሳ ቲሹ የሚባሉት ጡንቻ፣ ስብ፣ ጅማት፣ የደም ሥርና የመሳሰሉት ናቸው። በሽታው የሚነሳው ጡንቻ መሆን ሲገባቸው እድገታቸውን ሳይጨርሱ ያለ ልክ ከሚባዙ ሕዋሳት ነው። ከሕፃናት ካንሰሮች 3 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ በልጆች ላይ ከሚታዩት የለስላሳ ቲሹ ካንሰሮች በብዛት ቀዳሚው ነው። ከታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ10 ዓመት በታች ናቸው።

ዓይነቶች

ዋና ዋናዎቹ ኤምብርዮናል እና አልቪዮላር ይባላሉ። የመጀመሪያው በትንንሽ ልጆች ላይ ይበዛል፤ ለሕክምናም የተሻለ ምላሽ ይሰጣል። በሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ የክሮሞሶም 2 ወይም 1 ክፍል ከክሮሞሶም 13 ክፍል ጋር ቦታ ይለዋወጣል።

ምልክቶች

ምልክቱ እንደ ቦታው ይለያያል። በእጅ ወይም በእግር ላይ ሲወጣ እያደገ የሚሄድ እብጠት ሆኖ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ ስለማያም ቤተሰብ የምት እብጠት ሊመስለው ይችላል። በዓይን አካባቢ ሲሆን ዓይን ወደ ውጭ ይገፋል። በፊኛ አካባቢ ሲሆን ሽንት ይከለክላል ወይም ከደም ጋር ይቀላቅላል።

ምርመራ

በሽታው በመዳሰስ ብቻ አይታወቅም። ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ዴስሚንና ማዮጄኒን የተባሉት የጡንቻ ፕሮቲኖች መኖራቸውም ይፈተሻል። ስርጭቱን ለማወቅ ኤምአርአይ፣ የደረት ሲቲ ስካንና የመቅኔ ምርመራ ይደረጋል።

ሕክምና

ሕክምናው ኬሞቴራፒን፣ ቀዶ ጥገናንና ጨረርን ያጣምራል። የተለመዱት መድኃኒቶች ቪንክሪስቲን፣ አክቲኖማይሲን ዲ እና ሳይክሎፎስፋማይድ ሲሆኑ፣ በዙር ለወራት ይሰጣሉ። እብጠቱ በቀዶ ጥገና ቢወጣም በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ስለሚቀሩ ኬሞቴራፒው አይቀርም። ሙሉ ሕክምና ካገኙና በሽታው ካልተሰራጨባቸው ልጆች ከ70 በመቶ በላይ ይድናሉ። ከተሰራጨ በኋላ ግን የመዳን ዕድሉ ከ30 በመቶ በታች ይወርዳል።

በኢትዮጵያ

የሕፃናት ካንሰር ሕክምና በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና እንደ ጎንደርና ጅማ ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ይሰጣል። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ብቻ ተወስኖ ቆይቷል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ለመድረስ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ወደ 300 ኪሎ ሜትር መጓዝ ያስፈልጋል። ሕክምናው ወራት ስለሚፈጅ የትራንስፖርት፣ የማደሪያና የምግብ ወጪው ለገበሬ ቤተሰብ ከባድ ነው፤ እብጠቱ ሲቀንስ ልጁ የዳነ ስለሚመስልም ሕክምናው ሊቋረጥ ይችላል። የተቋረጠ ሕክምና በሽታው እንዲመለስ በር ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከሩቅ ለሚመጡ ታማሚ ልጆችና አስታማሚዎች ማረፊያ ይሰጣል።

ኬሞቴራፒ ነጭ የደም ሕዋስን ስለሚቀንስ፣ በዙሮች መካከል ወደ ቤቱ የተመለሰ ልጅ ትኩሳት ከያዘው ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።